የጃኖና የሻሽ የሁዳዴ ቀለብ

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ የከተማው ቤቶች አልቀው ማሳው ከመጀመሩ በፊት፣ ጣሪያው ከሩቅ የሚያብረቀርቅ አንድ የበቆሎ መጋዘን አለ። በበሩ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት የተቀመጠው ዘበኛ ወንዳወቅ ይባላል። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። በልጅነቱ በገበዝ ማርያም በኩል የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ዳዊት ጨርሶ ቅኔ ቤት በገባ በዓመቱ አባቱ ስላረፉ ወደ እርሻ ተመለሰ። ከዚያ ዘመን አንድ ልማድ ቀርቶታል። ማንኛውንም ጽሑፍ፣ የመድኃኒት ወረቀትም ይሁን የቀበሌ ማስታወቂያ፣ በስንደዶ ጫፍ እየነካ ካልሆነ አያነብም። የኔታ ዓይኑ እየሮጠ ፊደል እንዳይዘልል ብለው ያስያዙት ስንደዶ እስከ ዛሬ ከኮፍያው ውስጥ አይጠፋም።

ዛሬ በአካባቢው የሚታወቀው ግን በዘበኝነቱ አይደለም። ውሻ ያለው ሰው ደረቅ የውሻ ምግብ ለመግዛት ሲያስብ መጀመሪያ እሱን ይጠይቃል። ከሽንዲ ድረስ ባዶ ከረጢት በብብታቸው ይዘው የመጡ አሉ። «አያ ወንዳወቅ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» ይሉታል። እሱም ከረጢቱን ገልብጦ፣ ስንደዶውን መዞ፣ ከጀርባው ይጀምራል። እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማወቅ ከአምናው ሁዳዴ መነሳት ያስፈልጋል።

አምና መጋዘኑን የሚጠብቁት ውሾች ሦስት ነበሩ፤ ደመላሽ፣ ጃኖና ሻሽ። በፍስክ ወራት ቀለባቸው አያሳስብም። ወንዳወቅ ማለዳ ባልዲውን አንጠልጥሎ በሥጋ ቤቶቹ ጓሮ ይዞራል፤ አጥንቱን፣ ጨጓራውን፣ የተጣለውን ቁርጥራጭ ሰብስቦ ቀቅሎ ያበላቸዋል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። የሙስሊሞቹ አንድ ሥጋ ቤት ክፍት ቢሆንም የከተማው ውሻ ሁሉ ደጁ ላይ ስለሚኮለኮል ለማንም አይዳረስም። ሃምሳ አምስት ቀን ረጅም ነው። የሰፈሩ ሰው «ምናለ፣ ውሻውም ይጹም እንጂ!» እያለ ይቀልዳል፤ ውሾቹም በየዓመቱ ለፋሲካ ጎናቸው ተጣብቆ፣ የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ እየተቆጠረ ይደርሳሉ።

ወንዳወቅ አምና ይህን አልፈልግም አለ። ከየጎረቤቱ የተረፈ የጾም ወጥ ለመነ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ በየዕለቱ በሳፋ መጣለት። ከእንጀራ ፍርፋሪ ጋር አሽቶ ሲያቀርብላቸው ውሾቹ ሳፋውን ልሰው ልሰው ያጸዱታል። ደስ አለው። «ዘንድሮ እንኳ አይከሱብኝም» ብሎ ለሚስቱ ለአቻምየለሽ ነገራት፤ እሷም በማግስቱ ለውሾቹ ብላ ሽሮውን አብዝታ ሠራች።

የጾም ወጥ እንግዲህ ቅቤ የለውም፤ የሚጣፍጠው በሽንኩርት ነው። ቀዩም ነጩም ተከትፎ፣ ተቁላልቶ፣ ወጡ ራሱ ሽንኩርት እስኪመስል ይገባበታል። ለሰው ጥሩ ነው። በአራተኛው ሳምንት ግን ደመላሽ ከተኛበት አልነሣም አለ። ወንዳወቅ ከንፈሩን ገልጦ ሲያየው ድዱ እንደ ነጠላ ነጥቷል። ሽንቱ እንደ ጠላ ጠቁሯል። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ክንፈሚካኤል በሞተር ሳይክል ሲደርስ ውሻው የቀረው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ምን ሲያበሉት ነበር?» አለ ክንፈሚካኤል።

ወንዳወቅ ነገረው። ሐኪሙ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አያ ወንዳወቅ፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ያፈርሰዋል። አንድ ቀን ቢቀምስ ላይታይ ይችላል። በየቀኑ ሲሆን ግን በደሙ ውስጥ ያሉት ቀያይ ህዋሶች እየፈረሱ ያልቃሉ። ነጭ ሽንኩርቱም ያው ነው። ለቀሩት ሁለት ውሾች ዛሬውኑ ያቁሙላቸው፤ እነሱ ይተርፋሉ።»

ጃኖና ሻሽ ተረፉ። ደመላሽን ወንዳወቅ ከመጋዘኑ ጀርባ ቀበረው።

የመጋዘኑ ባለቤት ወይዘሮ ያምሮት ናት። ከአባቷ የወረሰችውን የበቆሎ ንግድ በእጥፍ ያሳደገች፣ ንግግሯ እንደ ሚዛን ድንጋይ ዱብ የሚል ሴት። ሰዎች ውሻው በሌባ መርዝ ሞተ ብለው ነግረዋት ነበር። ወንዳወቅ ግን ኮፍያውን አውልቆ ፊቷ ቆመ።

«እሜቴ፣ መርዝ አይደለም። ደመላሽን የገደልሁት እኔ ነኝ፤ በሽሮ።»

«በምን አሉኝ?»

ሁሉንም አስረዳት። 

«ለእውነቱ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ያምሮት። «ግን አያ ወንዳወቅ፣ በየሁዳዴው የሚከሱ ውሾች ምኔን ይጠብቁልኛል? አሁን ደግሞ መሞትም ጀመሩ። የቀሩትን ለገጠር ዘመዶች እሰጣለሁ፤ አጥሩን በሾህ ሽቦ አስከብባለሁ።»

«አንድ ሁዳዴ ይስጡኝ።»

«ምን ሊያደርጉበት?»

«ላበላቸው። አውቄ ላበላቸው።»

ያምሮት ሳቀች፤ ግን ክፉ ሳቅ አልነበረም። «እሺ። የሚቀጥለው ሁዳዴ የእርስዎ ነው። በቅበላ ማግስት በመጋዘኑ ሚዛን ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ቀዳም ሥዑር ደግሞ እንደገና። አንዲት ኪሎ ቢጎድሉ ሽቦው ይወጠራል፤ እነሱም ይሄዳሉ።» ሽቦውን ግን ወዲያው ገዝታ አራት ጥቅል በሩ አጠገብ አስከመረችው። ወንዳወቅ ዓመቱን ሙሉ ከሽቦው ጎን ተቀመጠ።

ዘንድሮ ቅበላ ሲቃረብ ወደ ክንፈሚካኤል ሄደ። ሐኪሙ ከመርፌ ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀዶ አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት በትልልቁ ጻፈለት፤ ዶሮ፣ በግ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ቀን። ከያንዳንዱ ጎን ትርጉሙን በአማርኛ አስቀመጠ።

«ከረጢቱ ፊት ላይ ያለውን የውሻ ሥዕል አይዩ» አለው። «ሥዕል ለገዢ ነው። ጀርባውን ይመልከቱ። እዚያ የገባበት ነገር ሁሉ በተራ ተጽፏል፤ ተራው ደግሞ በክብደት ነው። ብዙ የገባው መጀመሪያ፣ ትንሽ የገባው መጨረሻ።»

ወንዳወቅ ዓይኑ በራ። «እንደ ማኅበር መቀመጫ ይበሉኛ! ላይኛው ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ አይቼ የቤቱን ጌታ አውቃለሁ።»

«እንደዚያ ነው። ላይኛው ወንበር ላይ ስሙ የታወቀ እንስሳ መኖር አለበት፤ ዶሮ፣ በግ፣ ዓሣ። ዝም ብሎ ሥጋ ነክ ነገር ካለ የምኑ እንደሆነ አይታወቅም። ደግሞ የዶሮ ሥጋ ዱቄት የሚል ቢያገኙ አይናቁት። ትኩሱ ሥጋ ውሃውን ይዞ ስለሚመዘን ላይኛውን ወንበር በውሃው ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ዱቄቱ ግን ደርቆ ነው የተመዘነው።»

ይህን ለወንዳወቅ ማስረዳት አላስፈለገም። ክብደት እንዲገፋ ብለው እርጥብ በቆሎ ጭነው የሚመጡ ገበሬዎችን አሥራ ሰባት ዓመት ሲያይ ኖሯል።

ሐኪሙ ቀጠለ። ለአዋቂ ውሻ የተሠራ መሆኑን፣ ፕሮቲኑ ከመቶው ሃያ አምስት ገደማ መሆኑን፣ ቀኑ አለማለፉን፣ ከረጢቱ አለመቀደዱን ይመልከት። ሽታው የበሰበሰ ዘይት የሚመስል ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ይተወው።

ወንዳወቅ በማግስቱ ማለዳ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወረደ። ከመናኸሪያው ጀርባ የዶሮ መኖ የምትሸጥ ናዚፋ የምትባል ነጋዴ አለች፤ ለከተማው ጥበቃ ውሾች የሚሆን ደረቅ ምግብም ታስመጣለች። ሱቋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ተደርድሯል። በአንደኛው ላይ ምላሱን ያወጣ ተኩላ የሚያህል ውሻ፣ ከጎኑም የሚያብለጨልጭ ቀይ ሥጋ ተስሏል። ሌላኛው ቡናማ ወረቀት ነው፤ ጽሑፍ ብቻ።

«ይሄኛው በጣም ይሄዳል፣ አባባ» አለች ናዚፋ ባለሥዕሉን እየደበደበች።

ወንዳወቅ ከረጢቱን ገለበጠው፤ ስንደዶውን መዘዘ። ካርቶኑን ጎኑ ዘርግቶ የአንዷን ቃል ቅርጽ ከሌላዋ ጋር ያስተያይ ጀመር። ናዚፋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ተመለከተች። ሁለት ደንበኞች መጥተው ቆሙ። እሱ አልቸኮለም።

«ላይኛው ወንበር ላይ ስንዴ ተቀምጧል» አለ። «ከሥሩ በቆሎ። ዶሮዋ በር ላይ ቆማለች።»

ናዚፋ ከረጢቱን ተቀብላ እሷም አነበበች። ሳቋ አፈናት። «ሦስት ዓመት ስሸጥ አንድም ሰው ጀርባውን አላየውም! እኔም ብሆን።»

ቡናማውን ገለበጡት። የመጀመሪያው ቃል ከካርቶኑ የመጀመሪያ ቃል ጋር ልክ ገጠመ፤ ዶሮ፤ ቀጥሎም ናዚፋ «ዱቄት» ብላ አነበበችለት። ሩዝ ሁለተኛ፣ የዶሮ ስብ ሦስተኛ። ፕሮቲኑ ሃያ ስድስት። ቀኑ ገና አሥር ወር ይቀረዋል። ናዚፋ የራሷን የተከፈተ ከረጢት አምጥታ ጥቂት ፍሬ እጁ ላይ አፈሰሰችለት። አሸተተው፤ ንጹሕ የሥጋ ሽታ ነው። ከቡናማው ሁለት ከረጢት ገዝቶ ተሸክሞ ሲወጣ ናዚፋ ለቆሙት ደንበኞች «እስቲ ጀርባውን እዩ» ስትል ሰማት፤ አንገቱ ትንሽ ቀና አለ።

በቅበላ ማግስት ያምሮት ውሾቹን በበቆሎው ሚዛን ላይ አስቀመጠቻቸው። ጃኖ ሠላሳ አንድ ኪሎ፣ ሻሽ ሃያ ስድስት። በመጋዘኑ በር ላይ በጠመኔ ጻፈችው።

ወንዳወቅ ክንፈሚካኤል እንዳለው አዲሱን ምግብ በአንድ ጊዜ አልሰጠም። መጀመሪያ ሽሮው ከቀረ ወዲህ ከለመዱት የተቀቀለ ገብስ ሦስት እጅ፣ አንድ እጅ ከአዲሱ። ከሁለት ቀን በኋላ እኩል በእኩል። በሳምንቱ ሙሉ በሙሉ። የውሻ ሆድ ድንገተኛ ለውጥ አይወድም። መጠኑን በቲማቲም ጣሳ እየሰፈረ ለያንዳንዳቸው እንደ ክብደታቸው ጠዋትና ማታ ያቀርባል። ደረቅ ምግብ ውሃ ስለሚያስጠማ ከጎኑ የማይጎድል ውሃ ያኖራል። ከራሱም አንድ ሙከራ ጨመረ፤ ፍሬዎቹን ውሃ ውስጥ ከትቶ ምን ያህል እንደሚያብጡ ለካ። ክንፈሚካኤል ሲሰማ ሳቀ። «ይቺ ብዙ አትነግርዎትም። ከፈለጉ የሚወጣውን ይመልከቱ። ምግቡ በሰውነታቸው ከቀረ ኩሳቸው ትንሽና ጠንካራ ይሆናል።» ወንዳወቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በማለዳ አካፋውን ይዞ ሲዞር ያዩት ሁሉ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁት ነበር። «መልስ» ይላቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው። የዶሮው ሽታ ከእጁ አይለቅም። ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ለማስቀደስ ሲሄድ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ዘሚካኤል አነፈነፈ።

«አያ ወንዳወቅ፣ በጾም ዶሮ ወጥ?»

«የውሾቹ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው!»

የንስሐ አባቱን ሄዶ ጠየቃቸው። «ለእንስሳ ቀለብ መስፈር ጾም አያስፈታም፤ እጅህን ግን በሎሚ ታጠብ፤ ሌላውን ታስርብብኛለህ» አሉት። ከዚያ በኋላ ሎሚ ከኪሱ አልጠፋም።

በደብረ ዘይት ሰሞን የጃኖ ጀርባ እንደተወለወለ ቆዳ ማብረቅ ጀመረ። ወንዳወቅ በየሳምንቱ ሲመዝናቸው ቁጥሩ አይወርድም። ልክ በዚያ ሳምንት ያምሮት ከአዲስ አበባ ተመለሰች። ከመኪናዋ ያወረደችው ከረጢት ወርቃማ ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ አንበሳ ጎፈር ያለው ውሻ ቆሟል።

«ይኸውልዎ» አለች ደስ ብሏት። «የውሾቹ ነገር እኔንም አሳስቦኛል። ምርጡን ስጡኝ ብዬ ነው የገዛሁት።»

ከረጢቱን ራሷ ቀዳ አንድ እፍኝ መሬት ላይ በተነች። ጃኖና ሻሽ ተሻምተው በሉት፤ መሬቱን ላሱ፤ እጇን አሸተቱ። ያምሮት ወንዳወቅን አየችው። «አዩ? ውሾቹ መረጡ።»

ወንዳወቅ ስጦታዋን እንቢ ቢላት ትቀየማለች። ቢቀበላትና ውሾቹ ቢከሱ ደግሞ ሽቦው ይወጠራል። ከረጢቱን ገለበጠ፤ ስንደዶውን አወጣ። መጀመሪያ ያገኘው ቃል ቅርጹን በቃሉ የሚያውቀው ነበር። ከካርቶኑ ሦስተኛው። እንደገና ነካው። ሦስተኛው ነው።

«እሜቴ» አለ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ጆንያ ሲገዙ ላዩን አይተው ገዝተው ያውቃሉ?»

«እኔ?» ያምሮት ተቆጣች። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን መውጊያ ብረት አመለከተች፤ ወደ ጆንያው ሆድ ገብቶ ከመሐል ናሙና የሚያወጣውን፣ ጫፉ የሾለ ውስጡ ክፍት ብረት። «አባቴ በዚያ ብረት ያልተወጋ ጆንያ አንድም ቀን አስገብተው አያውቁም። እኔም። ላዩ ላይ መልካም በቆሎ አድርገው ከታች ነቀዝ የበላውን የሚደብቁ ሞልተዋል።»

«ይሄስ ተወግቶ ነው የተገዛው?»

ያምሮት ከረጢቱን አየች። እሱን አየች። ከረጢቱን ተቀብላ ጀርባውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ናትና ስንደዶ አላስፈለጋትም፤ ግን የወንዳወቅ ስንደዶ ባረፈበት ላይ ነው ማንበብ የጀመረችው።

«በቆሎ» አለች። ቆመች። «የስንዴ ፉርሽካ። እንደገና የበቆሎ ተረፈ ምርት። ጨው… የሥጋ ጣዕም።» ድምጿ ቀነሰ። «ጣዕሙ ብቻ?»

«ለዚህ ነው የተሻሙበት። ልጅም ከረሜላ ቢሰጡት ምሳውን ይተዋል።»

«ቀኑስ?» ፈለገችው፤ አገኘችው። «ካለፈ ሁለት ወሩ!»

ከዚያ ያምሮት መጋዘኑን ዘወር ብላ አየችው። እስከ ጣሪያው የተከመረ በቆሎ።

«እንግዲህ እኔ፣ የበቆሎ ነጋዴዋ፣ ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ሄጄ፣ በወርቅ የተጠቀለለ በቆሎ ገዝቼ መጣሁ?»

ወንዳወቅ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሊቆጣጠረው ያልቻለው ሳቅ አመለጠው። ያምሮትም ተከተለችው፤ እስክታነባ ሳቀች። «ለማንም እንዳይነግሩ!» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «ለማንም! ገበሬው ሁሉ ይስቅብኛል።»

ምግቡን አርቀው ቀበሩት። ግን ያምሮት መሄጃዋ ላይ ቆም ብላ ሽቦውን አየችና «ውሉ ግን ውል ነው፤ ቀዳም ሥዑር እመዝናለሁ» አለች።

ቀዳም ሥዑር ማለዳ ካህናቱ ቄጠማ እያደሉ ሲዞሩ፣ ያምሮት ቄጠማዋን በራሷ ላይ አስራ መጣች። ክንፈሚካኤልም ተጠርቶ መጥቷል። ወንዳወቅ የጾሙን ሃምሳ አምስተኛ ቀን ይዟልና ልብሱ ሰፍቶታል፤ ጉንጩ ገብቷል። ውሾቹ ግን ከሳፋ እንደወጣ ሸክላ ያብረቀርቃሉ። ክንፈሚካኤል የጃኖን ከንፈር ገልጦ ድዱን አየ፤ ሮዝ ነው። ለወንዳወቅ አሳየው። አምና በነጣው ድድ ላይ የተንበረከከው ሰው አሁን ቆሞ ነበር የሚያየው።

ያምሮት ሚዛኑን ራሷ አነበበች።

«ጃኖ ሠላሳ ሁለት። ሻሽ…» ጎንበስ አለች፤ እንዳትሳሳት ቁጥሩን እንደገና አየች። «ሃያ ስድስት ተኩል።»

በሩ ላይ በጠመኔ ከተጻፈው ሥር ጻፈችው። ዞር ብላ ወንዳወቅን ስታየው እንባው በሸበተ ጢሙ ላይ ይወርዳል፤ ግን አንገቱ ቀጥ ብሏል።

«የከሱት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችው።

«እኔማ ነገ በፋሲካ እወፍራለሁ።»

ሽቦውን በቀጣዩ ሳምንት አንድ የዶሮ እርባታ ያለው ዘመዷ ወሰደው። ወርቃማው ከረጢት ግን አልተጣለም። ያምሮት ባዶውን አሳጥባ በመጋዘኑ በር ውስጥ ሰቀለችው፤ ሥዕሉን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ ሰው። ለሚጠይቃት ሁሉ ራሷ ታወራዋለች፤ ለማንም እንዳይነግሩ ያለችውን ረስታዋለች።

ፋሲካ አልፎ የመጀመሪያው የበቆሎ ጭነት ሲገባ፣ ያምሮት መውጊያ ብረቱን ከተሰቀለበት አውርዳ ወደ በሩ መጣች። ያን ብረት ከአባቷና ከእሷ በቀር ማንም ይዞት አያውቅም። ጃኖና ሻሽ በወንዳወቅ እግር አጠገብ ተኝተው ጭነቱን ይመለከታሉ።

«አያ ወንዳወቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚገባውን ጆንያ እርስዎ ይውጉ» አለችው፤ ብረቱንም በሁለት እጇ አቀበለችው።

ወንዳወቅ ብረቱን ተቀብሎ ኮፍያውን አስተካከለ። ስንደዶው ከውስጡ ወድቆ ነበርና አንስቶ መለሰው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጆንያ ሄደ፤ አልቸኮለም።